ስለ አየር ጭነት ዋጋ አቆጣጠር

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ርእስ ፍለጋ ብዙ ቀን ደከምሁ። ከእኔ በፊት በዚህ ስፍራ የቆሙት ስለ ሥነ ጽሑፍ፥ ስለ ሕግና ስለ ወንዞቻችን ተናግረዋል። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት፥ በጠረጴዛው ላይ እንደምታዩት፥ አንድ ባዶ ካርቶን፥ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ነው። ከኋላ የምትስቁትን አይቻችኋለሁ። ነገሩ የገበያ ወሬ ቢመስልም በቤተሰቤ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። ደግሞም በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ነገ በንግድ ቤት፥ በእርሻ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ እንዲህ ባለው ሒሳብ ላይ የሚፈርም ብዙ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ብትታገሡኝ አትጎዱም ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ መሶብ ሰፊ ናቸው። ስንደዶውንና አክርማውን ራሳቸው መርጠው ገዝተው፥ ቀለሙን ራሳቸው ነክረው፥ ወስፌያቸውን ይዘው ከደጃፋቸው ከተቀመጡ አንድ ትልቅ መሶብ ለመጨረስ አንድ ወር ተኩል ይፈጅባቸዋል። ባለፈው ዓመት በዋሽንግተን ከተማ ምግብ ቤት ያለው አንድ የአገራችን ሰው የሥራቸውን ፎቶግራፍ በዘመድ ስልክ አይቶ አንድ መሶብ አዘዘ። ዋጋውም ማጓጓዣውን ጨምሮ 15,000 ብር እንዲሆን ተስማሙ። አክስቴ የዋህ ነጋዴ አይደሉም። መሶቡን በካርቶን አሳሽገው ወደ ወፍጮ ቤት ወስደው አስመዘኑት፤ ከነካርቶኑ 6 ኪሎ ሆነ። የአየር ጭነት ኪሎው 400 ብር ነው ስለተባሉ ስድስት ጊዜ አራት መቶ ብለው 2,400 ብር አሰቡ፤ የቀረው 12,600 ብር የእጃቸው ዋጋ መሆኑ ነው። በዚህ ሒሳብ መሠረት ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ለመግዛት ከነጋዴ ጋር ተነጋግረው ነበር።

መሶቡን ይዤ ወደ ጭነት ወኪሉ ቢሮ የሄድሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊው መሶቡን በሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ 6 ኪሎ። ከዚያ ሜትር አወጣና የካርቶኑን ቁመትና ጎን ለካ፤ አንድ ነገር በማሽኑ መታ፤ «42 ኪሎ፥ 16,800 ብር» አለኝ። የተሳሳተ መስሎኝ ሚዛኑን አሳየሁት። «እሱ ሌላ ነው፤ የምትከፍለው በዚህ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረልኝም። ከኋላዬ ሰልፍ ነበረ። ስልክ ደወልሁ፤ አክስቴ ቃሌን አላጥፍም አሉ፤ ከዕቁብ ጓደኛቸው ተበድረው ላኩልኝና ከፈልን። እንግዲህ መሶቡ ከተሸጠበት ዋጋ ይልቅ ማጓጓዣው በ1,800 ብር በልጦ አረፈው። ቆርቆሮውም ቀረ። አክስቴ ከዚያ በኋላ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ ልጅ፥ የአዲስ አበባ ሚዛን ይዋሻል እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት። የወኪሉን ስም አልጠራም፤ የፈለግሁት ሰው ለመክሰስ ሳይሆን ሒሳቡን ለማወቅ ነበርና።

መጀመሪያ፥ ሚዛኑ አልዋሸም። ሜትሩም አልዋሸም። አውሮፕላን በሁለት መንገድ ይሞላል፤ በክብደት ይሞላል፥ በቦታም ይሞላል። ከሁለቱ የቀደመው ሲያልቅ ሌላው ቢተርፍም ተጨማሪ ዕቃ አይገባም። ለምሳሌ ቦይንግ 777 የሚባለውን የጭነት አውሮፕላን እንውሰድ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ይህ አውሮፕላን 100 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ለዕቃ ያለው ቦታ 650 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የአክስቴ ካርቶን 60 በ60 በ70 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፥ ሩብ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። እንግዲህ አውሮፕላኑን በአክስቴ መሶብ ብቻ ብንሞላው 2,500 መሶብ እንደ ገባ በሩ አይዘጋም። የእነዚህ ሁሉ መሶቦች ክብደት ግን ተደምሮ 15 ቶን ነው። ለመቶ ቶን የተሠራ አውሮፕላን፥ ነዳጁን እያቃጠለ፥ አብራሪዎቹን ይዞ፥ የ15 ቶን ኪራይ ብቻ ሰብስቦ ውቅያኖስ ሊሻገር አይችልም። የቀረውን የሚከፍለው ማነው? መሶቡ ነው።

በጥንቱ ጊዜ ነገሩ ይህን ያህል አላስቸገረም ይሆናል። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ባደረገ ጊዜ የነበሩት አውሮፕላኖች ከጦር ሠራዊት የተረፉ ሲ-47 የሚባሉት ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር በተዘረጋ የሸራ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ ደግሞ መካከል ላይ በገመድ ይታሰራል። ተሳፋሪው ጉልበቱን ከዕቃው ጋር እያጋጨ ሲሄድ፥ የቦታን ዋጋ ያለ ሒሳብ መምህር የተረዳው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንሂድ። በየአገሩ ያሉ አየር መንገዶች የተባበሩበት የዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፥ አያታ የሚባለው፥ ለዚህ ጉዳይ የተለመደ ደንብ አለው። የዕቃው ርዝመት፥ ጎንና ቁመት በሳንቲ ሜትር ይለካል፤ ሦስቱ ይባዛሉ፤ የተገኘው ቁጥር ለ6,000 ይካፈላል። ውጤቱን እኔ የይዘት ክብደት እለዋለሁ። ሚዛን የሚያሳየውን ደግሞ የሚዛን ክብደት እንበለው። ከሁለቱ የሚበልጠው የሚከፈልበት ክብደት ይሆናል። በእኛ ካርቶን 60 ጊዜ 60 ጊዜ 70፥ 252,000 ይሆናል፤ ለ6,000 ሲካፈል 42። ጸሐፊው በማሽኑ የመታው ይኸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ቢያስረዳኝ ኖሮ ያን ቀን እንዲያ ባላፈርሁ።

ከመምህራኖቻችን አንዱ የንግግሬን ረቂቅ አይተው «6,000 ከየት መጣ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለምና፤ የስምምነት ቁጥር ነው። ነገር ግን ካለ ምክንያት የተቆረጠ አይደለም። 6,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ለአንድ ኪሎ ማለት ስድስት ሜትር ኩብ ለአንድ ቶን ማለት ነው። ቅድም የጠቀስሁትን አውሮፕላን አስታውሱ፤ 650 ሜትር ኩብ ለ100 ቶን፤ ስድስት ተኩል ይሆናል። የደንቡ ቁጥርና የአውሮፕላኑ ሆድ ይህን ያህል ይቀራረባሉ። ስለዚህ በበኩሌ ደንቡን በመሠረቱ ትክክለኛ ነው እላለሁ። ይሁንና ሁሉም በዚህ ቁጥር አያካፍልም። ጥቅል በፍጥነት ከቤት እስከ ቤት የሚያደርሱት ድርጅቶች የሚያካፍሉት በአብዛኛው ለ5,000 ነው። ያው መሶብ በእነርሱ ዘንድ 50.4 ይሆንና ወደ ግማሽ ኪሎ ከፍ ተደርጎ 50 ኪሎ ተኩል ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ዋጋ የሚያወዳድር ሰው ኪሎው ስንት ነው ከማለቱ በፊት በስንት ታካፍላላችሁ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ስለ ልኬትም ጥቂት ልበል። ካርቶኑ ካበጠ ያበጠው ይለካል። ክብ የሆነ ዕቃ እንደ ክብ አይቆጠርም፤ ሰፊው ወገን ተወስዶ እንደ አራት ማዕዘን ይቆጠራል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቼ እንደሚያውቁት ክብ ነገር በአራት ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ከመቶ 21 ያህሉ ቦታ በማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራል። መሶብ የሚልክ ሰው ለእነዚያ አራት ማዕዘኖች ኪራይ እየከፈለ ነው፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፥ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ 42ቱ ኪሎ ትክክል ነው። አክስቴ ግን ተበድለዋል፤ የተበደሉትም በሌላ ቦታ ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ የጭነት ሰነዱን ቅጂ አውጥቼ ሳነብ ነው። ይህ ሰነድ ኤር ዌይ ቢል ይባላል፤ አሁን አሁን በኤሌክትሮኒክ እየተተካ ቢሆንም በወረቀት ሲሆን ሦስት ዋና ቅጂ አለው፤ አረንጓዴው ለአየር መንገዱ፥ ሮዙ ለተቀባዩ፥ ሰማያዊው ለላኪው። ቁጥሩ አሥራ አንድ አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ከቀሩት ስምንቱ ደግሞ የመጨረሻው አኃዝ የቀሩት ሰባቱ ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው ነው። 1234567 የሚል ቁጥር ቢሆን 5 ይተርፋልና መጨረሻው 5 ይሆናል። ጸሐፊ አንድ አኃዝ ቢያሳስት ብዙውን ጊዜ በዚህ ይታወቃል። ለሒሳብ ወዳጆች ብዬ ነው የተናገርሁት፤ ከዋጋው ጋር አይገናኝም።

ከዋጋው ጋር የሚገናኘው በሰነዱ መካከል ያለች አንዲት ፊደል ናት። በእኛ ሰነድ ላይ ኤን የምትባለው ፊደል ተጽፋለች። ኤን ማለት ከ45 ኪሎ በታች ላለ ጭነት የሚከፈል መደበኛ ዋጋ ነው። ኪው የተባለችው ደግሞ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ የምትጻፍ የብዛት ዋጋ ናት። ኤም የምትባል አለች፤ ዕቃው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከዚያ በታች የማይከፈልበት ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ሲ የምትባለው ለተለዩ የዕቃ ዓይነቶች የተቆረጠ ልዩ ዋጋ ናት። ጭነቱ በበዛ ቁጥር የኪሎው ዋጋ ይቀንሳል፤ በ45፥ በ100፥ ከዚያም በላይ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

ለሰሌዳ እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ፤ ታሪፍ በየጊዜውና በየመሥመሩ ስለሚለወጥም ማንም ሰው እነዚህን ብሮች ይዞ ወደ ካርጎ ቢሮ እንዳይሄድ አሳስባለሁ። መደበኛው ዋጋ ኪሎው 400 ብር፥ ከ45 ኪሎ ጀምሮ 320፥ ከ100 ኪሎ ጀምሮ 270 ይሁን። 42 ኪሎ በ400 ብር 16,800 ነው። አሁን ሌላ ነገር እናድርግ፤ ዕቃው 45 ኪሎ ነው ብለን እንክፈል። 45 በ320፥ 14,400 ብር። ሦስት ኪሎ ጨምረን ስንከፍል ሒሳቡ በ2,400 ብር ቀነሰ!

ይህ ማታለል እንዳይመስላችሁ። የታሪፉ ደንብ ራሱ የሚፈቅደው ነገር ነው፤ ከፍ ያለው ደረጃ ዝቅ ያለ ድምር የሚሰጥ ከሆነ ላኪው በእርሱ ይከፍላል፥ በሰነዱም ላይ የሚከፈልበት ክብደት 45 ተብሎ ይጻፋል። ከስንት ኪሎ ጀምሮ እንደሚያዋጣ ለማወቅ 45 በ320 ተባዝቶ ለ400 ይካፈላል፤ 36 ይመጣል። ከ36 እስከ 45 ኪሎ ባለው መካከል ያለ ዕቃ ሁሉ 45 ተብሎ ቢከፈልበት ይሻላል። በሁለተኛው ደረጃም እንዲሁ ነው፤ 100 በ270 ተባዝቶ ለ320 ሲካፈል 84 ከግማሽ የሚጠጋ ይሆናል፤ 85 ኪሎ ያለው ሰው መቶ ብሎ ይክፈል። ወኪሉ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ የዘወትር ሥራው ነውና። አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም፤ መጠየቅ እንዳለብን የነገረን ስላልነበረ። አክስቴ ከዕቁብ ጓደኛቸው የተበደሩት 1,800 ብር ነበር፤ ያ አንድ መሥመር ሒሳብ ቢሠራ ኖሮ ብድሩ ባላስፈለገ፥ 600 ብርም በእጃቸው በቀረ።

ከዋናው ኪራይ በላይ የሚጨመሩትን በአጭሩ ላልፋቸው። የነዳጅ ጭማሪ አለ፥ የጥበቃ ጭማሪ አለ፥ የሰነድ ማዘጋጃ አለ፥ የመጋዘንና የማስተናገጃ አለ፤ በመድረሻው አገር ደግሞ የጉምሩኩና የተቀባዩ ወጪ ይከተላል። ስለ እነዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ በኪሎ የሚታሰበው ጭማሪ በሚዛን ክብደት ነው ወይስ በሚከፈልበት ክብደት? በዚህ ላይ የአየር መንገዶች ልማድ አንድ አይደለም። በሁለተኛው ከሆነ ባዶው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ይከፈልበታል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያየውን ላሳያችሁ። ወኪሉ የእኔን መሶብ ብቻውን ወደ አውሮፕላኑ አልወሰደውም። በዚያው ቀን ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው አንድ ጆንያ ቡና ይዞ ነበር እንበል። ጆንያው 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ልኩ 100 በ60 በ20 ስለሆነ የይዘት ክብደቱ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ባለቡናው በሚዛን 60 ይከፍላል፥ እኔ በይዘት 42 እከፍላለሁ፤ ወኪሉ ከሁለታችን የ102 ኪሎ ኪራይ ሰበሰበ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ሰነድ አጠቃልሎ ለአየር መንገዱ ያስረክባል። አየር መንገዱ የሚያየው ድምሩን ነው፤ የሚዛኑ ድምር 66፥ የይዘቱ ድምር 62። የሚከፈለው 66 ነው። ከ102 ላይ 66 ሲነሣ 36 ኪሎ ይተርፋል፤ በዚያም ላይ የብዛቱ ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ሌብነት ነው አልልም፤ ከባዱንና ቀላሉን ማጋባት የወኪል ሙያ ነው፥ አውሮፕላኑም በቦታም በክብደትም ሞልቶ ይሄዳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አየሩ በሳሳበት ስፍራ ስለሚገኝ፥ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በቆላ ካለ ሜዳ እንደሚነሣው ያህል ክብደት ይዞ ሊነሣ አይችልም፤ ስለዚህ ቦታ ይዞ ክብደት የማይጨምር ዕቃ በዚህ ከተማ የራሱ ጥቅም አለው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ባለመሶቧና ባለቡናው ቀድመው ቢተዋወቁ ኖሮ ያ 36 ኪሎ የእነርሱ በሆነ ነበር። የደብረ ማርቆስ መሶብ ሰፊዎችና አንድ የቡና ማኅበር በአንድ ስም ጭነት ቢያስገቡ የሚከለክላቸው ሕግ የለም፤ የሚከለክላቸው አለመተዋወቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አክስቴ ልመለስ። ዕቃው ቢጠፋስ? እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት አየር መንገድ ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ጭነት የሚከፍለውን ከፍተኛ ካሣ በኪሎ ወስኖታል። ልኩ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ኪሎ 26 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ከፍ ይላል። አሁን ልብ በሉ፤ ካሣው የሚቆጠረው ጥቅሉ በሚመዝነው ኪሎ ነው። ስንከፍል 42 ኪሎ የነበረው መሶብ ሲጠፋ 6 ኪሎ ይሆናል፤ ካሣው ከ156 ኤስ ዲ አር አያልፍም። በሰነዱ ላይ ዋጋውን አስመዝግቦ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ብቻ ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላል። ለዚህኛው ደንብ የአውሮፕላኑን ሆድ ምክንያት አድርጌ ልከራከርለት ብሞክር አልሆነልኝም። ለኪራይ ሰፊ፥ ለካሣ ቀላል መሆን ተገቢ አይመስለኝም። የሕግ ክፍል ጓደኞቻችን ቢከራከሩበት ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ያው ባለምግብ ቤት ስድስት መሶብ አዘዘ፤ ስድስቱንም ማጓጓዣውን ጨምሮ በ90,000 ብር። አክስቴ እምቢ ሊሉ ነበር። ሒሳቡን ሠራሁ። ስድስቱ እንደ መጀመሪያው በየካርቶናቸው ቢሄዱ የሚከፈልበት ክብደት 252 ኪሎ ነው፤ በ270 ብር 68,040 ብር ይሆናል። ለአክስቴ የሚቀረው 21,960፤ ለአንዱ መሶብ 3,660 ብር። ይህ የአንድ ወር ተኩል ሥራ ዋጋ ነው፤ የስንደዶውና የቀለሙ ወጪ ሳይቀነስ። እምቢ ማለታቸው ትክክል ነበር።

ከዚያ አንድ ምሽት የመሶቡን ሥዕል ይዤ ተቀመጥሁ። መሶብ ሦስት ነገር ነው፤ እግር፥ ገበታና ክዳን። ክዳኑ ከላይ የሾለ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይደፋል፤ ስድስት ክዳን ተደራርቦ በ60 በ60 በ70 ካርቶን ይገባል። እግሩ ከገበታው ተለይቶ ቢሰፋ እርሱም አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፤ ስድስት እግር በ45 በ45 በ65። ስድስቱ ገበታ እንደ ሰፌድ ተደራርቦ በ60 በ60 በ60። የሦስቱ ካርቶን ይዘት ተደምሮ 599,625 ሳንቲ ሜትር ኩብ፤ ለ6,000 ሲካፈል 99.9፤ ወደ ግማሽ ኪሎ ከፍ ሲደረግ ልክ መቶ ኪሎ። በ270 ብር 27,000 ብር። ከ68,040 ወደ 27,000! ለአንዱ መሶብ የሚቀረው ከ3,660 ወደ 10,500 ብር ወጣ። ቅድም ያዙልኝ ያልኋቸው ባዶ ማዕዘኖችም ሥራ አገኙ፤ የሦስቱ ካርቶን የሚዛን ክብደት 30 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፥ እስከ መቶ ድረስ ሌላ ነገር ቢጨመር ዋናው ኪራይ አይነካም። የአክስቴ ጎረቤት ሸማኔ ናቸው፤ 20 ኪሎ ነጠላና ጋቢ በማዕዘኖቹና በውስጠኛው ክዳን ሆድ እንዲገባ ሆነ። በእርግጥ በዝርዝሩና በጉምሩኩ ሰነድ ላይ በየስሙ መመዝገብ አለበት።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ለአክስቴ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እግሩ ከተለየ መሶብ ይባላል?» አሉ። ከእናታቸው የተማሩት ከእግሩ ተጀምሮ ሳይቆረጥ እስከ ገበታው ጠርዝ የሚወጣውን ስፌት ነው። እኔ ስለ 27,000 ብር እናገራለሁ፥ እርሳቸው ስለ ስፌቱ መጋጠሚያ ይናገራሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት አፍሬ ነበር። 6,000 የሚል ቁጥር፥ ደብረ ማርቆስን አይተው የማያውቁ ሰዎች የተስማሙበት፥ የመሶብን ቅርጽ ሊቆርጥ ነው፤ መልእክተኛውም እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ ልተወው ስል «አምጣው እስቲ፥ የእግሩን ልክ ድገምልኝ» አሉ። ሦስት ቀን ቆይተው ደወሉልኝ፤ እግሩንና ገበታውን በጠፍር የሚያያይዝ ቀለበት በራሳቸው ዘዴ አበጅተዋል፥ ሲታሰር መጋጠሚያው በአክርማው ጥለት ሥር ይሸሸጋል። ለእያንዳንዱ መሶብ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ፈጅቶባቸዋል፤ ይህን ሳምንት በእኔ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ለጎረቤት ደንበኛ የሚሰፉትን ግን እንደ ቀድሞው ሳይለያዩ ነው የሚሰፉት።

ስድስቱም ተጠናቀው ትናንት በአውቶቡስ መጥተዋል፤ በዶርሚተሪ ጓደኞቼ አልጋ ላይ ተኝተዋል፥ ለትዕግሥታቸው በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይጫናሉ። ከሦስት ወኪሎች ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉንም በስንት ታካፍላላችሁ፥ ጭማሪው በየትኛው ክብደት ነው፥ ከ100 በላይ ያለው ደረጃ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ አንደኛው ብቻ ሦስቱንም መልሶልኛል፤ ለእርሱ እሰጠዋለሁ።

ይህ በጠረጴዛው ላይ ያለው የክዳኖቹ ካርቶን ነው። 60 በ60 በ70 ነው ብያችኋለሁ፤ የለካሁት ግን ለብቻዬ በሌሊት ነው። አንዱ ጎን 61 ሆኖ ቢገኝ ድምሩ 101 ኪሎ ይሆንና 270 ብር ይጨመርብናል፤ ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ሁለት ሰዎች ወጥታችሁ ብትለኩልኝ ደስ ይለኛል። ሜትሩ ይኸው።